አንድ ጣሳ ወተት

ላንድሮቨሯ ከላፍቶ ቁልቁለት ግርጌ ስትደርስ የመረሬው ጭቃ ጎማዋን እስከ እምብርቱ ውጦ ቀጥ አደረጋት። ሾፌሩ ሞተሩን ደጋግሞ አስጮኸ። ጎማው በቦታው እየተሽከረከረ ጥቁሩን ጭቃ በመስኮቱ ላይ ከመርጨት በቀር ስንዝር ወደ ፊት አልሄደም።

«ከዚህ ወዲያ የሚያልፍ በቅሎ ብቻ ነው፣ ሲስተር» አለ፣ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ። «እሷም ብትሆን አስባበት ነው።»

ሲስተር ትሩፋት ነጭ ጫማዋን አውልቃ በብብቷ ሸጉጣ ወረደች። ወይዘሮ ሸጊቱ ግን ቀድማ ወርዳ፣ የጭቃውን ጠባይ እንደሚያውቅ ሰው ሣር ሣሩን እየመረጠች መራመድ ጀምራለች። የነሐሴ ሰማይ እንደ አሮጌ በርኖስ ጠቁሮ ከፉሪ ተራራ ትከሻ ላይ ተዘርግቷል። ዝናቡ ጥድፊያ የለውም፤ የሚሄድበት ስለሌለው ብቻ የሚቆይ እንግዳ ይመስላል።

እስከ ሀና ማርያም ያለውን ጎዳና ሁለቱ ሴቶች በእግራቸው ተጓዙት። ነጠላዋ ከገላዋ ጋር የተጣበቀባት ሸጊቱ ከፊት ናት። ከነጠላው ሥር ቀይ አበባ የተረጨበት የበዓል ሻሽ ግንባሯ ድረስ ጠብቆ ታስሯል፤ ውኃው ከጫፉ ላይ በአንገቷ እየወረደ ነው።

«እማማ ሸጊቱ፣ ሻሽዎን ፈተው ይጭመቁት እንጂ። ራስዎን ብርድ ይመታዎታል።»

«ተይው ልጄ» አለች ሸጊቱ ዞር ሳትል። «እኔን ከእንግዲህ ብርድ አይመታኝም።»

ትሩፋት ይህን የባላገር ኩራት ነው ብላ አለፈችው። ልቧ ያለው ከሆስፒታሉ የቀዶ ጥገና ክፍል፣ ከአቶ ዋቅጅራ አልጋ አጠገብ ነው።

ዋቅጅራ የፉሪ ገበሬ፣ የሸጊቱ ባል ነው። በሐምሌ መጨረሻ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በንፋስ ስልክ አውራ ጎዳና ላይ ቅስት ሲቆም፣ የገበሬ ማኅበሩ በየተራ ለጉልበት ሥራ ከላካቸው ሰዎች አንዱ ነበር። የጣውላውን ኮከብ በገመድ ሲጎትት መወጣጫው ከዳውና ወደቀ። የግራ ጭኑ አጥንት ለሁለት ተሰበረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሩ በአሸዋ ከረጢት ክብደት እየተጎተተ በአልጋው ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። የሚጠገነው ቀዶ ብረት በማስገባት ነው። ብረቱ አለ፤ ሐኪሙም አለ። ዶክተር አስረስ ግን ቢላዋውን አላነሣ ብሏል።

ምክንያቱ ቀደም ሲል በሰኔ የሆነው ነገር ነበር። ከለቡ ድንጋይ ካባ እንደ ዋቅጅራ ጭኑን ተሰብሮ የመጣ ሰው ነበር፤ ጎኑ እንደ ክራር አውታር የሚቆጠር። ቡልጋሪያ ተምሮ የመጣው አስረስ በሕይወቱ ሠርቶት የማያውቀውን ያማረ ሥራ የሠራው በዚያ ሰው ላይ ነበር። ብረቱ ልክ ገባ፤ ስፌቱ እንደ ጥልፍ ተደረደረ። ከዚያ በኋላ ግን በየማለዳው ፋሻውን የምትፈታው ትሩፋት፣ ክሩ ከሥጋው እየሸሸ፣ ቁስሉ እንደ ተራበ አፍ ቀስ በቀስ ሲከፈት በዓይኗ አየች። መግሉ ከአጥንቱ ደረሰ። ሰውየው በሐምሌ አቦ ዋዜማ ሞተ። አጠገቡ የተኛው የላፍቶ ነጋዴ ሸምሱ ግን፣ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ቢላዋ፣ በዚያው እጅ ተቀዶ ቁስሉ እንደ ተዘጋ በር ገጠመ። ልዩነቱ የሸምሱ ሚስት ዙሌካ ጧትና ማታ የምታመላልሰው ሰሐን ነበር።

ዛሬ ጠዋት በዋቅጅራ አልጋ ዙሪያ የሆነውን ትሩፋት በጭቃው ውስጥ እየተራመደች መልሳ አየችው። የከፍተኛው ካድሬ ጓድ ደምሰው፣ ካኪ ለብሶ፣ ቆቡን ሳያወልቅ፣ ከዶክተሩ ፊት ቆሞ ነበር።

«ጓድ ዶክተር፣ ብረቱ አለ?»

«አለ።»

«ሰመመን ሰጪው አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«ሰውየው» አለ አስረስ። ጎንበስ ብሎም የዋቅጅራን ደህነኛ ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ሲነሣ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። «ይህን ታየዋለህ? ሥጋ አይደለም፤ ውኃ ነው። የዓይኑን ቆብ ገልብጠህ ብታይ ደግሞ ወረቀት ነው። ብረቱን እኔ አሥረዋለሁ። ቁስሉን የሚዘጋው ግን እሱ ራሱ ነው። በምን ይዝጋው? በሽሮ መረቅ?»

«የአብዮታችን ሐኪም በቅቤ ያምናል ማለት ነው» አለ ደምሰው፤ ግን አልሣቀም። «ስማኝ፤ የውጭ እንግዶች በዚያ ቅስት ሥር ያልፋሉ። የሠፈሩ ሰው ቅስቱ ሰው በላ እያለ ነው። በዕለቱ ይህ አርሶ አደር በክራንች ተደግፎ ከሥሩ ካልታየ፣ የሚጠየቀው አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ። ለመሆኑ ወተቱ ይመጣለታል?»

«በየቀኑ።»

«ይጠጣል?»

ዶክተሩ ዓይኑን ወደ ኮመዲኖው ወረወረ። ትሩፋትም አንገቷን ደፋች። ወተቱ ይመጣል፤ እንቁላሉም ይመጣል። ዋቅጅራ በሁለት እጁ ይቀበልና፣ አመስግኖ፣ ሳይቀምስ ከኮመዲኖው ላይ ያኖረዋል። ፍልሰታ ነው፤ የእመቤታችን ጾም፤ ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት። ገበሬውን ማን ይከሰዋል?

«አባ ዋቅጅራ» አለ ሸምሱ ከጎረቤት አልጋ፣ ነገሩን ለማብረድ ብሎ። «እኔ ጾሙን ልጹምልዎ፣ እርስዎ የዙሌካን ገንፎ ይብሉልኝ። አላህም ማርያምም አይቀየሙንም።»

«አንተ መጀመሪያ የረመዳንህን ዕዳ ክፈል» አለው ዋቅጅራ። በክፍሉ የተኙት ሁሉ ሣቁ። እሱ አልሣቀም።

ደምሰው ሣቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። «የማይበላን ሰው ምን ብለህ ትጠብቀዋለህ? ዛሬ ካልበላ ነገም አይበላም። ሰኞ ይቀደዳል። አንተ ካልቀደድከው የሚቀድ ሌላ አመጣለሁ።»

«ዛሬ ቢበላስ?»

ካድሬው ትንሽ አሰበ። «ዛሬ ቢበላማ… በዓሉ ቢያልፍም እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ። ለአለቆቼም የምለው ይኖረኛል።»

እንዲህ ነው የሆነው። ዶክተሩ ትሩፋትን ወደ መስኮቱ ወስዶ፦ «የነፍስ አባቱን አምጪልኝ። ለታመመ ጾም እንደሌለበት እኔ ብነግረው መናፍቅ ነው ይለኛል። ቄሱ ይንገረው። ካልሆነ ሰኞ የማርደው ሰው ነው» አላት። ሸጊቱ በዚያች ሰዓት ለጥየቃ መጥታ ነበር። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እየሣቀች ገብታ፣ የጥጃዋን መውለድና የጎረቤትን ጠብ እያወራች ሳለ ነው ትሩፋት የጠራቻት። ወዴት እንደሚሄዱ ስትሰማ ሣቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። እምቢ ግን አላለችም።

ከሀና ማርያም ሲደርሱ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ተበትኗል። ቄስ ለታ ከቅጥሩ ጥግ ባለች ጎጆአቸው፣ የባሕር ዛፍ ግንድ ከሚጤስበት ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ያበጠ፣ ዓይናቸው ግን ያልደከመ። አስቀድመው ያዩት ነርሷን አይደለም፤ ሸጊቱን ነው። በዓይናቸው አንድ ነገር ጠየቋት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም፣ ገና ነው የምትል ይመስል።

ትሩፋት መስቀል ተሳልማ ጉዳይዋን ተናገረች። የተሰበረ አጥንት ወተትና እንቁላል እንደሚሻ፣ የቀጠነ ደም ቁስል እንደማይዘጋ፣ የለቡው ሰው እንዴት እንደ ሞተ፣ ሰኞ ምን እንደሚመጣ ሁሉንም አስረዳች። «አባታችን፣ ጾሙን ይፍቱለት። ይምጡና በአፍዎ ይንገሩት።»

ቄሱ ግንዱን በብረት ዘንግ ቆሰቆሱት። «ጾሙንማ ገና ፍልሰታ ሳይገባ ፈትቼለታለሁ፣ ልጄ። ይህችው ሴት ናት መልእክቴን ያደረሰችለት። ሕመምተኛ ጾም እንደሌለበት ለማወቅ መምህር መሆን አያሻም።»

«ታዲያ ለምን አይበላም?»

ቄሱ ወደ ሸጊቱ ተመለከቱ። ዝናቡ በሣር ክዳኑ ላይ ያጉተመትማል። በመጨረሻ የተናገረችው ሸጊቱ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ከምታሰማው ድምፅ ፍጹም በተለየ፣ ከከርሠ ምድር የሚመጣ በሚመስል ዝግ ያለ ቃል።

«ስለት አለበት። ልጃችን ሮበሌ ሚሊሺያ ሆኖ ሲወሰድ፣ ከዚች ከሀና ማርያም ደጅ ተንበርክኮ ተሳለ። ሮበሌ በእግሩ ደጄን ረግጦ እስኪገባ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ በአፌ አይዞርም አለ። ሁለት ክረምት ሆነው። ፋሲካም ሲመጣ እኛ ስንበላ እሱ ሽሮውን ይዞ ይቀመጣል። ስለት ለሰው አይወራም ብሎ ለማንም አልተናገረም። እናንተ ጾም ነው ስትሉ ዝም ብሎ ተዋችሁ።»

ትሩፋት መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር። በሽታው ከተገኘ መድኃኒቱ አይጠፋም ብላ የምታምን ሰው ናት። «እንግዲያ ቀላል ነው!» አለች፣ ወደ ሸጊቱ ቀረብ ብላ። «ልጁ የት ጦር ሠፈር ነው ያለው? ጓድ ደምሰው ለበዓሉ ሲል ፈቃድ ሊያስገኝለት ይችላል። ለአንድ ቀን መጥቶ፣ አባቱ አልጋ ድረስ በእግሩ ቢገባ…»

ሸጊቱ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። የራሰው ቋጠሮ አልፈታ ብሏት ጥቂት ታገለችው። ቀይ አበባው ሻሽ ዞሮ ዞሮ ተፈታና በጉልበቷ ላይ ወደቀ። ራሷ ተላጭቶ ነበር። ሽበት ያዘለው ጠጉር ገና እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ ማለት ጀምሯል።

በዚህ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ለምን እንደ ሆነ ለትሩፋት መንገር አያሻም ነበር።

«ዋቅጅራ በወደቀ በሳምንቱ ነው» አሉ ቄስ ለታ፣ ዓይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሡ። «አብሮት የዘመተ የለቡ ልጅ አንድ እጁን ናቅፋ ትቶ መጣ። የሮበሌን ዓይን የከደነው እሱ ነው። አገር ተሰብስቦ መከረ። መርዶ ለቆመ ሰው ነው የሚነገረው፤ ደረቱን የሚመታበት ጉልበት፣ የሚወድቅበትና የሚነሣበት እግር ሊኖረው ይገባል። እግሩ በገመድ ለተሰቀለ ሰው መርዶ አይነገርም አልን። ሲነሣ፣ ቤቱ ሲገባ፣ በማለዳ ደጁ ላይ ቆመን እንነግረዋለን ብለን ማልን። ይህች ሴት በጓሮ ተላጭታ፣ በሌሊት አልቅሳ፣ ቀን ቀን ለባልዋ ሥቃ ተናገረች።»

ትሩፋት አሁን ሁሉንም አየች። የምትናገረውን ቃል እየፈራችው፣ በዝግታ ተናገረችው።

«ካልበላ አይነሣም።»

«አዎ።»

«እናንተ ካልነገራችሁት ደግሞ አይበላም።»

ቄሱ ዘንጉን ከእጃቸው አኖሩ። ይህን ቀላል ነገር፣ ሁለቱን ጫፎች አጋጥሞ ያየ አንድም ሰው በዚያ ምክር ላይ አልነበረም። ሁሉም ለሰውየው ሲል ነው የደበቀው፤ መደበቁ ራሱ ሰውየውን በየቀኑ እየሸረፈ ይበላው ነበር። ነገሩ የአንድ መንደር ስሕተት ብቻ አልነበረም። ከወሎ በሹክሹክታ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ ጸጥ አሰኝቶ፣ በዓሉ እስኪያልፍ ሞቱን አይንገሩኝ እያለ ቅስቱን የሚያስጌጥ አገርም፣ በዚያ ክረምት፣ እንዲሁ እየከሳ ነበር።

«እንዋሽለት» አለች ትሩፋት ድንገት። «መጣ እንበለው። አየነው፣ ጦር ሠፈር አርፏል እንበለው። ሥጋው እስኪመለስ ብቻ።»

«ሥጋው ሲመለስስ?» አሉ ቄሱ። «ልጄን አምጡልኝ ሲለን ሁለተኛ ልንገድልለት ነው?»

«እኔ አልችልም» አለች ሸጊቱ። ሻሹን አንሥታ፣ እንደ እርጥብ ልብስ ጨምቃ፣ መልሳ አሠረችው። «ውሸቴ አልቋል። የቀረኝ አንዲት ጠብታ የለም። አባ ይነሡ፣ እንሂድ።»

የመልሱ ጉዞ የሐዘንተኛ ጉዞ ነበር። የላፍቶ ጎረምሶች በበሬ ጎትተው ካወጧት ላንድሮቨር ገብተው ወደ ከተማው አቀኑ። በንፋስ ስልክ ጎዳና በቅስቱ ሥር ሲያልፉ ቄስ ለታ አንገታቸውን አውጥተው ወደ ላይ ተመለከቱ። ቀዩ ቀለም በዝናቡ ሳይደርቅ ቀርቶ በእንጨቱ ላይ ተንዠርግጓል።

«ከዚህ ነው የወደቀው?»

«ከኮከቡ ሥር» አለች ሸጊቱ።

ከክፍሉ ሲገቡ የራት ሰዓት ነበር። ወጥ ቤቶቹ ሰሐን እያደሉ ነው። የዋቅጅራ ወተት በጣሳ ሆኖ ከኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል፤ ስልባቦት አጥልቷል። ዶክተር አስረስ በግርጌ በኩል፣ ጓድ ደምሰው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ዋቅጅራ አስቀድሞ ያየው የቄሱን እግር ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ የተለሰነውን። ከዚያ ሚስቱን አየ። ዛሬ ሣቅ ይዛ አልገባችም።

«እንደምን ዋልክ፣ ዋቅጅራ ልጄ» አሉ ቄሱ። «እግዚአብሔር…»

«ይቆዩ፣ አባ» አለ ዋቅጅራ፣ እጁን ከብርድ ልብሱ ላይ ከፍ አድርጎ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ጾሙን አንዴ ፈተውልኛል። ለአንድ ጾም ሁለት ጊዜ ጭቃ አይረገጥም።»

ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሸጊቱ፣ ሻሽሽን ፍቺው።»

«ዋቅጅራ…»

«ፍቺው። ርሷል። ራስሽን ብርድ ይመታሻል።»

ፈታችው። ወጥ ቤቶቹ ሰሐን ማደሉን ተዉ። ዋቅጅራ እጁን ዘርግቶ የተላጨ ራሷን ዳሰሰ፤ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ እርሻው ምን ያህል እንደ በቀለ የሚመረምር ገበሬ ይመስል።

«አውቀህ ነበር?» አለችው።

«መጀመሪያ በዚህ ሻሽ የመጣሽ ዕለት። አንቺ ይህን ሻሽ የምታስሪው ለጥምቀት ነው። ደግሞ ሥቀሽ ገባሽ። ስንጋባ ጀምሮ እንዲያ ሥቀሽ አታውቂም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ? ምነው ብቻዬን ተውከኝ?»

ዓይኑ ከጣሳው ላይ ነበር። «ስለቱን እስከጠበቅሁ ድረስ» አለ፣ «ልጁ መንገድ ላይ ነበር።»

ሸምሱ ከአልጋው ቀና ብሎ፣ መዳፎቹን ከፍቶ፣ «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ በለሆሳስ። ሸጊቱ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ፣ የከረመ ለቅሶዋን፣ ያለ ድምፅ፣ በትከሻዋ ብቻ አለቀሰች። ቄስ ለታ ፍትሐት እንደሚጀምር ሰው መስቀላቸውን አወጡ፤ ግን ያዙት እንጂ አላነበቡም። በሩ ላይ የቆመው ካድሬ ቆቡን አወለቀ። የት ያኑረው? አላወቀም፤ በሁለት እጁ ያዘው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለዶክተሩ «እስከ መስቀል» አለው፤ ከዚያም ኮቴው እንዳይሰማ እየተጠነቀቀ ሄደ።

«ወተቱን ስጪኝ፣ ልጄ» አለ ዋቅጅራ።

ትሩፋት ጣሳውን አነሣች። «ቀዝቅዟል፤ ላሙቀው?»

«እንዳለ ስጪኝ።»

በሁለት እጁ ተቀበላት። ስልባቦቱን በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ትንሽ ተመለከተው፤ ከዚያ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳያርፍ፣ እስከ አተላው ጨለጠው። እንባው የወረደው ያኔ ነው፤ በጉንጩ ሸንተረር ወርዶ ጢሙ ላይ ከወተቱ ጋር ተቀላቀለ። ዶክተር አስረስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዋቅጅራ ባዶውን ጣሳ መለሰላት። አፉን በመዳፉ ጠረገ፤ ሌላው እጁ አሁንም ከሚስቱ ራስ ላይ ነበር።

«ነገ» አለ፣ «እንቁላሉንም አምጪው።»